በጣት የተመረጠ ኮምፒውተር

ወደዚያ ትልቅ ሆስፒታል ደውሎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ድምፁን ያውቀዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ «ሄሎ» እያለ፣ የጨነቀውን ከሐኪሙ፣ ባልን ከወለደች ሚስቱ ሲያገናኝ ኖሯል። ስሙ መዝገብ ላይ ቢኖርም የሚጠራው አልነበረም፤ ከዳይሬክተሩ እስከ ዘበኛው «ጋሽ ሄሎ» ነው የሚሉት። ከተወለደ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። ይህን አብዛኛው ደዋይ አያውቅም፤ የሚያውቁትም ሥራ ላይ ሲያዩት ይረሱታል። አራት መቶውን የውስጥ መስመር በቃሉ ይዞታል። አንዴ የሰማውን ድምፅ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢሰማው፣ ገና ሰውየው አፉን ሲከፍት «እንዴት ነዎት? የልጅዎ እግር ዳነ ወይ?» ብሎ ይቀበለዋል።

አንድ ሰኞ ማሽን መጣ። «ለካርድ ክፍል አንድን ይጫኑ፣ ለድንገተኛ ሕክምና ሁለትን ይጫኑ» የምትል፣ ትንፋሽ የሌላት ሴት ድምፅ። ጋሽ ሄሎን ማንም አላባረረውም። ከዚያ የባሰ ነገር አደረጉት፤ ኮሪደር ላይ ወንበር ሰጥተው «አረፍ ይበሉ» አሉት። አራት ወር አረፈ። የሚያልፈውን ሰው በኮቴው እየለየ፣ ሰላምታ እየተቀበለ፣ የምሳ ሰዓት እስኪደርስ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። በአምስተኛው ወር ማታ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን «በቃኝ» አላት። «ሰው ሆኜ እንጂ ዕቃ ሆኜ ደሞዝ አልበላም።» ጡረታውን ያለ ጊዜው ጠይቆ፣ ትንሽዬ የስንብት ገንዘብ ይዞ ወጣ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። አንዲቷ ልጃቸው አግብታ ሌላ ከተማ ስለምትኖር፣ ሁለቱ ብቻቸውን በአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ። የፊተኛውን ክፍል ግማሽ የያዘው የእሷ መቁረጫ ጠረጴዛ ነው። ጋሽ ሄሎ ከስፌት መኪናዋ ድምፅ ብቻ ሐር ይሁን ጂንስ፣ ክር ሊበጠስ ነው አይደለም፣ ደንበኛዋ አናዳታለች አላናደደቻትም፣ ሁሉን ያውቃል።

ከሆስፒታሉ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ስልኩ ጮኸ። ድሮ መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ አሁን ግን የራሷን ቢሮ የከፈተች ሴት ነበረች። ሥራዋ የስብሰባና የክርክር የድምፅ ቅጂዎችን ሰምቶ፣ ቃል በቃል ጽፎ ማስረከብ ነው።

«ጋሽ ሄሎ፣ የእርስዎን የመሰለ ጆሮ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ኪቦርድ ላይ መጻፍ ይችላሉ አይደል?»

«የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በአሥር ጣት ነው ያስተማሩን። ስንቱን የጽሕፈት መኪና አስረጅተነዋል።»

«እንግዲያው በሚመጣው ወር መጨረሻ ፈተና አለኝ። ቅጂውን በኢሜል እልክልዎታለሁ፣ ጽፈው ይመልሱልኛል። ያለፈ ሰው ሥራ ያገኛል። ብቻ ኮምፒውተሩ የራስዎ መሆን አለበት፤ እኔ ትርፍ የለኝም።»

«ይኖረኛል» አላት።  ኮምፒውተር የሚባል ነገር በቤቱ ኖሮ አያውቅም።

ወሬው በማግስቱ የሚስቱ ወንድም ጆሮ ደረሰ። ይህ ሰው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ክፉ አይባልም፤ ብቻ ሲረዳ ድምፁ ከፍ ይላል። አሮጌ ላፕቶፕ በብብቱ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ እንዳትንገላታ ብዬ የራሴን አመጣሁልህ። ዋጋውን ለወንድም በሚሸጥበት ነው የማደርግልህ» አለና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ጋሽ ሄሎ ክዳኑን ከፈተ። ማጠፊያው እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ አለ። ማብሪያውን ሲጫነው ውስጡ ያለው ፋን አሸዋ የዋጠ ይመስል ማጓራት ጀመረ። ጣቶቹን በኪቦርዱ ላይ አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ አሻገራቸው።

«አራት ቁልፍ ተጭኖ አይመለስም። አንዱ ጭራሹኑ የለም።»

«እሱ እንኳ ምንም አይደል። ለአንተ ይበቃል።»

 ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ለአንተ ይበቃል» የሚለውን ቃል ባሏ ምን ያህል ዓመት እንደሰማ እሷ ታውቃለች፤ በልጅነቱ የተሰበረ ወንበር፣ ሲያድግ የማንም ያልሆነ ካፖርት፣ ቀጥሎ የኮሪደሩ ወንበር፣ ሁሉም ለእሱ የበቁ ነገሮች ነበሩ።

ጋሽ ሄሎ ክዳኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው። «አመሰግናለሁ ወንድሜ። እኔ ግን የራሴን እገጥማለሁ።»

«ምን ትገጥማለህ?»

«ኮምፒውተር። ዕቃውን ለየብቻ መርጬ፣ ገዝቼ፣ እቤቴ እገጥማለሁ። በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ ይወጣል።»

ወንድሟ ወደ እህቱ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ዝም ትያለሽ? ሰውየው የሚያየው እንኳ…»

«የኮምፒውተርን ሆድ ማን ያየዋል?» አለው ጋሽ ሄሎ። «ባለ ዓይኑም ክዳን ከድኖበት ነው የሚኖር።»

እንዲህ ቢልም፣ እንግዳው ሲወጣ ሚስቱ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። «እውነትህን ነው ወይስ በንዴት ነው?» አለችው።

«በንዴት ነው የጀመርኩት» አላት። «አሁን ግን እውነቴን ነው።»

ቀጣዮቹን አሥራ ሁለት ቀናት በትምህርት አሳለፈ። ስልኩ ጽሑፍ የሚያነብ ድምፅ አለው፤ ጋሽ ሄሎ ደግሞ ያንን ድምፅ በፍጥነት ነው የሚያስሮጠው፣ ሌላ ሰው ቢሰማው ቋንቋ መሆኑን እንኳ አይለይም። ሚስቱ «ይሄ ነገር ከኔ መኪና ይብሳል» እያለች ትስቃለች። ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ምን እንደሆነ፣ የማሽኑ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር እንዴት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ገመድ የትኛው ጉድጓድ እንደሚገባ፣ አንዱን መቶ ጊዜ እያስነበበ ሰማ። የገባውን በወፍራም ካርቶን ላይ በብሬይል ነጠብጣብ እየወጋ መዘገበ።

መጀመሪያ የጻፈው የማያስፈልገውን ነው። ድሃ ገበያ ሲወጣ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የማይገዛውን ነው ብሎ ያምናል። ስክሪን ቀረ። ምስል የሚያሳምረው ውድ ግራፊክስ ካርድ ቀረ፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ ምስል የሚያወጣ ዓይነት ከሆነ፣ ምናልባት ሰው ማየት ቢያስፈልገው ከቴሌቪዥኑ ጋር ይገናኛል። በየጎኑ የሚበራው ባለ ቀለም መብራትና የመስታወት ሳጥንም ቀሩ። «እስቲ አስቢው» አላት ሚስቱን፣ «የሰው ገንዘብ ግማሹ ለዓይን ነው የሚሄደው። እኔ እኮ ሀብታም ነኝ።»

ከዚያ የሚያስፈልገውን ጻፈ። ፕሮሰሰሩ መካከለኛ ይሁን፣ ያገለገለም ቢሆን ግድ የለም፤ እሱ እንደ ሌላው ዕቃ ቶሎ አያረጅም። ራም የሚሉት የሥራ ማስታወሻው በዛ ይበል፤ ቅጂውን፣ ጽሑፉንና አንባቢውን ድምፅ በአንድ ጊዜ ስለሚያስኬድ። ማስቀመጫው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ሳይሆን ድምፅ የሌለው ኤስኤስዲ ይሁን። ፋኑ ትልቅና ዝግ ያለ፤ እሱ የሚሠራው በጆሮው ነውና፣ የሚያጓራ ማሽን ለእሱ ጭስ የሞላበት ክፍል ማለት ነው። ኤሌክትሪኩን ለሁሉም የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ አዲስና የታመነ፤ እሱ ላይ የሚሰስት ሰው ሌላውን ሁሉ ያቃጥላል። የተረፈው ለጥሩ ኪቦርድና ለጥሩ ማዳመጫ። ካርቶኑን ጨርሶ ሲያጥፈው እንደ መሀረብ ኪሱ ውስጥ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ባልና ሚስት የኮምፒውተር ዕቃ ወደሚሸጥበት ሕንፃ ሄዱ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኝ ሱቆቹ በሳጥን ታጭቀው ሰው የሚተላለፈው በጎን ነው። የመጀመሪያው ባለ ሱቅ እሱን ትቶ ሚስቱን ጠየቃት፦

«ምንድን ነው የሚፈልገው?»

«አፍ አለው፤ ጠይቀው» ብላ ባሏን እየጎተተች ወጣች።

ሁለተኛው ዕቃውን ሳይሆን መብራቱን ነበር የሚሸጠው። «ሰባት ዓይነት ቀለም ይቀያይራል፣ አባቴ!» ሲል ጋሽ ሄሎ «ስምንተኛው ጥቁር ነው? እሱን ለምጄዋለሁ» ብሎት አለፈ።

ሦስተኛው ሱቅ ከመተላለፊያው ጥግ ነበር። ውስጡ የብየዳ ሽታ ይሸታል፣ አንድ ትንሽ ፋን ይዞራል፣ ባለ ሱቁ የደከመ ድምፅ ያለው የሠላሳ ምናምን ዓመት ሰው ነው። ሚስቱ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ይሄኛው ወፍራም መነጽር አድርጓል» አለችው።

«ጥሩ ነዋ፤ እንግዲያው እኩል ነን።»

ባለ መነጽሩ ሰምቶ ሳቀ። ሳቁ ጋሽ ሄሎን ደስ አለው፤ ከሆድ የመጣ እንጂ የሐዘኔታ አልነበረም። በርጩማ ስቦ አስቀመጠውና «ጋሼ፣ ምን ላምጣልዎት?» አለ።

ጋሽ ሄሎ አንድ እጁን ኪሱ ከተተ። ባለ መነጽሩ ጋሼ በርዶት ይሆናል ብሎ አሰበ እንጂ፣ ኪስ ውስጥ ጣቶቹ ካርቶኑ ላይ እየሄዱ ዝርዝሩን እያነበቡ መሆኑን አላወቀም። ሰውየው ያለ አንዳች ወረቀት ማዘርቦርዱን ከነዓይነቱ፣ ፕሮሰሰሩን ከነትውልዱ፣ ራሙን ከነፍጥነቱ ሲዘረዝርለት «ይሄን ሁሉ በቃልዎ ነው?» አለ።

«ጡረታ ወጣሁ እንጂ አልደነዘዝኩም» አለ ጋሽ ሄሎ። ሚስቱ ሳቋን ለመደበቅ አሳለች። ሙያ በልብ ነው።

መጀመሪያ ማዘርቦርድ መጣ፤ ያገለገለ ግን የጸዳ፣ ዋጋው የሚቀመስ። ጋሽ ሄሎ ጭኑ ላይ አኖረውና በሁለት እጁ ያስሰው ጀመር። የብረት ጠርዙን ነክቶ፣ የራሙን ማስገቢያዎች ቆጥሮ፣ ቀስ እያለ ወደ ፕሮሰሰሩ ማረፊያ ቀረበ። አጠገቡ እንደ ትናንሽ በርሜል የቆሙ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች ተደርድረዋል። በአመልካች ጣቱ ጫፍ ራስ ራሳቸውን ነካ ነካ እያደረገ ሄደ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ነካው።

«እነዚህ ሁለቱ አብጠዋል» አለ።

«የለም ጋሼ፣ ይሄ ቦርድ ደህና ነው። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«አየኸው፤ አልዳሰስከውም። የሌሎቹ ራስ ሜዳ ነው፣ የእነዚህ ሆዱ የነፋው ሰው ይመስላል። ዛሬ ይሠራል፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን እኔም አንተም እዚህ ቆመን እንጣላለን።»

ባለ መነጽሩ ቦርዱን ወስዶ መብራት ሥር አስጠጋው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፣ ዓይኑን አጠበበ፣ በጎን አጋድሎ አየ።  ከዚያ በራሱ ጣት ነካው።

«ወይ ጉድ» አለ በመጨረሻ። ቦርዱን ወደ ኋላ ወርውሮ ሌላ አወጣ። «ይሄን ደግሞ ይዩልኝ… ማለቴ…»

«ግዴለህም፣ አየዋለሁ» አለው ጋሽ ሄሎ።

ከዚያ በኋላ ገበያው ሌላ ገበያ ሆነ። ባለ መነጽሩ የደበቀውን ጥሩ ጥሩ ዕቃ ከየመሳቢያው ማውጣት ጀመረ። ፓወር ሰፕላይ ላይ ሁለት ሳጥን አቀረበ፤ አንደኛው ላዩ ላይ የኃይሉን መጠን የሚናገር ትልቅ ቁጥር ተጽፎበታል፣ ርካሽም ነው። ጋሽ ሄሎ አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ እጁ አንስቶ መዘናቸው። ባለ ትልቅ ቁጥሩ ላባ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ግን እጅ ይጎትታል።

«ቁጥሩን ማንም ይጽፈዋል። መዳቡንና ብረቱን ግን ማንም አያስመስለውም» ብሎ ከባዱን ያዘ። ባለ መነጽሩም እውነቱን ነው አለ፤ ላባውን የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ እያዘነ እንደሚመለስም ነገረው።

ፋን ለመምረጥ አራቱን አንድ በአንድ አስነስቶ ጆሮውን አስጠጋ። ሦስተኛው ላይ «ይሄ ይተነፍሳል እንጂ አይናገርም፤ ይሁን» አለ። ኪቦርድ ላይ ዘጠኝ ሞከረ፤ ሱቁ ውስጥ የነበረ አንድ ሌላ ገዢ ሰውየው ሙዚቃ የሚጫወት መስሎት ቆሞ አየው። ወደ መጨረሻው ላይ ጋሽ ሄሎ እንዲህ አለ፦

«ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ የምትሰካ፣ ማሽኑ ሲነሳ ጢጥ የምትል ትንሽ ድምፅ ማውጫ ፈልግልኝ።»

«እሷን እኮ የጠየቀኝ ሰው ከሱቁ መከፈት ጀምሮ የለም! ሰው ስክሪን ላይ ነው የሚያየው…» ብሎ ራሱ ገባው። ተንበርክኮ የታችኛውን መሳቢያ በረበረ። ጥፍር የምታክለውን ዕቃ አገኛትና መዳፉ ላይ አኖረለት። «ይቺ ምርቃት ናት፣ ጋሼ።»

ሒሳቡ ከወንድምዬው ላፕቶፕ ዋጋ አልበለጠም። ዕቃውን ሁሉ ሁለት ትላልቅ የልብስ ከረጢት ውስጥ ከተው፣ አውቶቡስ ላይ ሚስቱ አንዱን፣ እሱ ሌላውን እንደ ሕፃን አቅፈው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እሑድ ጠዋት የመቁረጫ ጠረጴዛው ተጠረገ። ሚስቱ መርፌ የምትለቅምበትን ማግኔት አመጣች፤ የወደቀ ብሎን ሁሉ በእሱ ይገኛል። የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ሳጥኗን ባዶ አድርጋ ሰጠችው፤ በየክፍሏ የብሎኑን ዓይነት ለየ። ሥራው ሊጀመር ሲል በሩ ተንኳኳ። የሚስቱ ወንድም ነው። «እስቲ ልየው ብዬ ነው» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እጁን አጣምሮ የፍርድ ቤት ዳኛ መሰለ።

ጋሽ ሄሎ በመጀመሪያ የሳጥኑን ብረት ነክቶ የሰውነቱን ኤሌክትሪክ አራገፈ። ፕሮሰሰሩን በሁለት ጣቱ ጠርዙን ብቻ ይዞ፣ ማዕዘኑ ላይ ያለችውን ጎዶሎ ፈልጎ፣ ከማረፊያው ምልክት ጋር ገጥሞ ለቀቀው። ሳይገፋው ራሱ ገባ። ማቀዝቀዣውን በአራት ማዕዘን በየተራ አጠበቀው፤ ራሙን ማስገቢያው ላይ ሰካ። ቦርዱን ሳጥኑ ውስጥ አጋደመ። ብሎኖቹን ጫፋቸውን ብቻ አስይዞ፣ ሁሉም ከገቡ በኋላ አጠበቃቸው፤ ይህን ከሚስቱ ነው የተማረው፤ እሷም ሸሚዝ ከመስፋቷ በፊት ሁሉን በክር ታያይዛለች። ቀጭን ቀጭኖቹ የማብሪያ ሽቦዎች ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ወንድምዬው ሁለት ጊዜ «እኔ ልያዝልህ» አለ፤ ሁለት ጊዜ እህቱ በዓይኗ አስቀመጠችው።

በመጨረሻ ጋሽ ሄሎ ቀና አለ። «ሰኪው» አለ። ሚስቱ ሶኬቱን ሰካች። ማብሪያውን ተጫነ።

ምንም። ፋን አልዞረም፣ ድምፅ የለም፣ ሽታ የለም። ሬሳ።

«ባለሙያ እንጥራ ብዬ ነበር» አለ ወንድምዬው በዝግታ። ድምፁ ውስጥ ድል አልነበረም፤ ማዘን ነበር፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው።

 ጋሽ ሄሎ እጁን ለመሰብሰብ ዳድቶት ነበር፤ ኮሪደሩ ትዝ አለው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። «ንቀይው» አለ። ካርቶኑን ከኪሱ አውጥቶ ዘርግቶ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በጣቱ እያነበበ፣ በሌላው እጁ ሳጥኑ ውስጥ እያንዳንዱን ገመድ እየነካ ሄደ። ትልቁ ገመድ አለ። የኤስኤስዲው አለ። የፋኑ አለ። የማብሪያዋ ሽቦ… አንዲት ጥርስ ወደ ጎን ስታ ገብታለች! አወጣት፣ ቆጠረ፣ መለሳት።

«ሰኪው።»

ፋኑ መዞር ጀመረ። ወንድምዬው ከወንበሩ ተነሳ። ግን ወዲያው ያቺ የጥፍር ያህል ዕቃ መጮህ ጀመረች፤ ረጅም፣ ረጅም፣ ረጅም።

«ሊፈነዳ ነው!» አለ ወንድምዬው።

ጋሽ ሄሎ ግን ሳቀ። ጥርሱ እስከ መንጋጋው እየታየ ሳቀ። «አይፈነዳም፤ እያናገረኝ ነው! ረጅም እየደጋገመ ከጮኸ ራሙ አልተቀመጠም ማለት ነው።» አጥፍቶ፣ አስነቅሎ፣ ራሙን አውጥቶ መልሶ ሁለቱን ጫፍ በአውራ ጣቶቹ ተጫነ። ቀጭ! ቀጭ! ቅድም አንዱ ቀጭ ብሎ ሌላው ዝም ብሎ ነበር።

«ሰኪው።»

ፋኑ ተነፈሰ። 

ጢጥ።

አንድ አጭር። ከዚያ ጸጥታ። ሁሉ ሰላም ነው ማለት ነው። ሚስቱ ሳታስበው እልል አለች፤ ከላይኛው ፎቅ ጎረቤት «ምን ተገኘ?» ብሎ በመስኮት ጮኸ። «ኮምፒውተር ወለድን!» ብላ መለሰችለት። ወንድምዬው መጥቶ የጋሽ ሄሎን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ ጋሼ» አለ። ጋሽ ሄሎም «ተወው፤ ይልቅ ቴሌቪዥኑን አምጣልኝ» አለው።

በቴሌቪዥኑ ገመድ አገናኙት። ማሽኑን የሚያሠራው ሲስተም ያለበትን ፍላሽና አንድ አሮጌ ማውስ ባለ መነጽሩ አዘጋጅቶ ሰጥቶት ነበር። ማሽኑ መናገር እስኪማር ድረስ ግን ማንበብ የሚስቱ ዕጣ ሆነ። እሷ የፈረንጅ ቋንቋ አታውቅም፤ ፊደሉን ግን ከልብስ ምልክትና ከንድፍ መጽሔት ለይታዋለች። መነጽሯን አድርጋ፣ በጣቷ ስክሪኑን እየነካች፣ እንደ ተማሪ «ኤን… ኢ… ኤክስ… ቲ…» ትላለች። «እሱ ‹ቀጥል› ማለት ነው፤ ቀስቱን ላዩ ላይ አድርጊና ጫኚው» ይላታል። እንዲህ እያሉ ፊደል በፊደል፣ እየተሳሳቁና እየተቆጡ፣ እስከ ከሰዓት በኋላ ቆዩ። ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራም ሲገባ፣ ጉንፋን የያዘው የሚመስል ሻካራ ድምፅ ከማዳመጫው ወጥቶ በአማርኛ «እንኳን ደህና መጡ» አለ። ጋሽ ሄሎ ማዳመጫውን ከጆሮው አንስቶ ለሚስቱ አደረገላት። ሰማች። ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

የፈተናው ቀን አርባ ደቂቃ የሚፈጅ ቅጂ መጣ። አንድ መጋዘን ውስጥ የተደረገ ስብሰባ ነው፤ ሰባት ሰው እኩል ይናገራል፣ ወንበር ይንቋቋል፣ ውጭ መኪና ጥሩንባ ይነፋል። ጋሽ ሄሎ አንድ ጊዜ ሙሉውን ሳይጽፍ ሰማው። ሰዎቹን እንደ ድሮ ደዋዮቹ ለያቸው፤ ጥርሱ የጎደለ፣ አፍንጫው የተዘጋ፣ ቃል ከመጨረሱ በፊት ትንፋሽ የሚያጥራት። ከዚያ ጻፈ። ማሽኑ አንዴም አልተደናቀፈም፤ ፋኑም ቃሉን ጠብቆ ትንፋሹን ዋጥ እንዳደረገ ቆየ። የጻፈውን በሻካራው ድምፅ ሦስት ጊዜ አስነብቦ አረመና ላከው።

በሦስተኛው ቀን ባለ ቢሮዋ ደወለች።

«ጋሽ ሄሎ፣ የተፈተነው አሥራ አንድ ሰው ነው። ሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ሁሉም አንድ ላይ የሚጮሁበት ቦታ፣ አሥሩ ሰው ‹አይሰማም› ብሎ ነው ያለፈው። እርስዎ አራት መስመር ጽፈዋል፤ ተናጋሪው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ነው ብለዋል። በስብሰባው የነበረ ሰው ጠየቅኩ፤ ቃል በቃል ልክ ነው። እንዴት አወቁ?»

«ያ ሰው ከመናገሩ በፊት እስክሪብቶውን ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ጩኸቱ ውስጥም ጠቅ ጠቁ አለ፤ እሱን ይዤ ድምፁን ተከተልኩት።»

 ከወዲያኛው ጫፍ ሳቅ ተሰማ። «ከሰኞ ጀምሮ ሥራ እልካለሁ። ከሌሎቹ የሚመጣውን ደግሞ እርስዎ ነዎት የሚያርሙልኝ፤ ክፍያውም የአራሚ ነው። ይስማማሉ?»

ጋሽ ሄሎ ተስማማ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ተነሳና ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በረጅም እርምጃ ተመላለሰ፤ ወንበር ለደስታው አልበቃ ብሎት።

ሰኞ የመጀመሪያው ሥራ መጣ። ማክሰኞ ሁለተኛው። በሁለተኛው ወር ከሆስፒታል ሲያገኘው ከነበረው ደሞዝ በላይ አገኘ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ሁለት ዓይነ ስውራን ሴቶች ከእሱ ዘንድ ሥራውን ተምረው ወጡ፤ አንዷ ማሽኗን የገጠመችው እዚያው መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ፣ በራሷ ጣት ነው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ለሠርግ ቀሚስ የምታሰፋ ደንበኛ መጣች። በሩ ላይ ሆና ገና ከመግባቷ ስለ ክንዱ ጥበትና ስለ ጡቱ ስፋት ጮክ ብላ መዘርዘር ጀመረች። ከውስጠኛው ክፍል የኪቦርድ ድምፅ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ በይ የኔ እህት» አለቻት፣ ፊቷ እየበራ። «ባለቤቴ ሥራ ላይ ነው።»